የጥንቱን የበጎች በረት ስለ ማወቅ

ልጆች ሆይ፥ በረት ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአገራችን ደጋ የሚኖር እረኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ በጎቹን ይሰበስባል፤ ቈጥሮም ወደ በረት ያገባቸዋል። ይህንም የሚያደርገው ጅብና ቀበሮ እንዳይበሉበት ነው። በረቱም ብዙውን ጊዜ የድንጋይ ካብ ወይም የእሾህ አጥር ነው።

ዛሬ ግን የምናነበው ጅብ ስለሌለበት ስለ ሌላ አገር በረት ነው። በዚያ አገር በጎችን የሚፈጃቸው ከሰማይ የሚወርድ አመዳይ ነው። በረቱም የተሠራው በሣርና በአፈር ነው። በግ ሣርን ይበላል፤ ሣርም በግን ከሞት ይጠብቃል። ይህ እንቈቅልሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት ነው። እንደዚህ ያለው በረት ከፈረሰ በኋላ ምልክቱ በምን እንደሚታወቅ በዚህ ትምህርት እንማራለን። የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

፩፤ ስለ አገሩና ስለ አመዳዩ

በእንግሊዝና በእስኮትላንድ ወሰን ላይ የቼቪየት ኮረብቶች የሚባሉ አሉ። ከእነርሱ ከፍተኛው 815 ሜትር ነው። ኮረብቶቹ ራሳቸው ክብ ነው፤ ሣር ለብሰዋል፤ በመካከላቸውም ብዙ ጅረቶች ይወርዳሉ። እርሻ በላዩ ብዙ አይሆንም፤ ለበግ ግን የተመቸ ግጦሽ ነው። በ1136 የተመሠረተው የሜልሮዝ ገዳምና በ1137 የተመሠረተው የኒውሚንስተር ገዳም መነኰሳት በእነዚህ ኮረብቶች ብዙ በጎች ያሰማሩ ነበር፤ ጠጕራቸውንም ይሸጡ ነበር። ዛሬም በዚያ በግ ይረባል።

በክረምታቸው ጊዜ በዚያ አገር አመዳይ ይወርዳል። አመዳይ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሳሳ ነጭ ነገር ነው። በጸጥታ ቢወርድ ብዙ አይጐዳም። ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ ግን ነፋሱ አመዳዩን ከኮረብታው ራስ ጠርጎ ወደ ሸለቆው ይጥለዋል፤ በዚያም ከሰው ቁመት በላይ ይከምረዋል።

በግ ነፋስ ሲመታው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። መጠጊያ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን አመዳዩ የሚከመረው በዚያው በዝቅተኛው ስፍራ ነው። ስለዚህ መጠጊያ ብሎ የገባበት ጕድጓድ መቃብር ይሆንበታል። እረኛውም በጎቹን ሊያድን ሲወጣ መንገዱን ያጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከበጎቹ ጋር ይሞታል።

በ1794 ጥር 24 ቀን ለ25 አጥቢያ በእስኮትላንድ ደቡብ ታላቅ የአመዳይ ዐውሎ ነፋስ ሆነ። የዚህን ነገር የጻፈልን ጄምስ ሆግ የሚባል ሰው ነው። እርሱ በ1770 ተወልዶ በ1835 የሞተ፥ ከቼቪየት ኮረብቶች ወደ ምዕራብ ባለው በኤትሪክ አገር የኖረ እረኛ ነበረ። በልጅነቱ ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበረ፤ ሆኖም በጎቹን እየጠበቀ በትጋት ንባብና ጽሕፈት ተማረ፤ በመጨረሻም ስሙ የታወቀ ደራሲ ሆነ።

ሆግ እንደ ጻፈው በዚያች ሌሊት 17 እረኞች ሞቱ። አመዳዩም ቀልጦ ወንዞች በሞሉ ጊዜ፥ ውኃው የሰውና የእንስሳ ሬሳ ጠርጎ ወደ ባሕር ዳርቻ አወረደ። በአንድ ስፍራ ብቻ 1,840 በጎች፥ 9 ከብቶች፥ 3 ፈረሶች፥ 2 ወንዶች፥ 1 ሴት፥ 45 ውሾችና 180 ጥንቸሎች ተገኙ። እንግዲህ በዚያ አገር መልካም በረት መኖሩና አለመኖሩ የሕይወትና የሞት ነገር መሆኑን ከዚህ አስተውሉ።

፪፤ በረቱ እንዴት ይሠራ ነበር?

የዚያ አገር ሰዎች በኮረብታ ላይ ያለውን የበጎች መጠጊያ ስቴል ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ክብ ነው፤ ጣራ የለውም፤ አንድ ጠባብ በር ብቻ አለው።

ክብ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። አራት ማዕዘን የሆነ ቅጥር ነፋሱን በግንባሩ ይቀበላል፤ በማዕዘኖቹም ውስጥ አመዳይ ይከማቻል። ክብ ቅጥር ግን ማዕዘን የለውም፤ ነፋሱ በግራና በቀኝ ተከፍሎ ያልፋል። በ1822 ሎርድ ኔፒየር የሚባል የኤትሪክ ባለ ርስት ስለ በግ እርባታ መጽሐፍ ጽፎ፥ በየኮረብታው ክብ የሆነ የድንጋይ በረት እንዲሠራ መከረ። ከዚያ ወዲህ በክፍለ ዘመኑ ውስጥ ብዙ የድንጋይ በረቶች ተሠሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ።

ነገር ግን ከድንጋዩ በረት በፊት፥ ድንጋይም በማይገኝበት ስፍራ፥ እረኞች በረታቸውን በሣር ጓል ይሠሩ ነበር። የሣር ጓል የምንለው ሥሩ ከአፈሩ ጋር ተያይዞ እንደ ጡብ የተቈረጠ ሣር ነው። እረኛው በመጀመሪያ በምድር ላይ ክብ መስመር ያበጃል። ከዚያም በመስመሩ አጠገብ ሣሩን ከነአፈሩ በስለታም አካፋ እየቈረጠ ያነሣል፤ ጓሉንም በጓል ላይ እየደረበ ይክባል። ጊዜ ሲያልፍ የሣሩ ሥር እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ቅጥሩም እንደ አንድ አካል ይሆናል።

ጓሉ የተቈረጠበትም ስፍራ ጐድጕዶ ይቀራል፤ ስለዚህ በቅጥሩ ዙሪያ ቦይ ይሆናል። ይህ ቦይ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው፥ ቅጥሩን ከውጭ ከፍ ያለ ያስመስለዋል። ሁለተኛው፥ የዝናቡን ውኃ ከበረቱ ያርቃል። ይህን ቦይ አትርሱት፤ ኋላ ምስክር ይሆነናልና።

የሣር ቅጥር ግን እንደ ድንጋይ አይጸናም። ዝናብ ያርሰዋል፤ ውርጭ ይሰነጥቀዋል፤ በጎችም ይረግጡታል። በየዓመቱ የሚጠግነው ሰው ከሌለ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ሣር የለበሰ ዝቅተኛ ክብ ጕብታ ብቻ ይቀራል። ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከሰው ጕልበት አይበልጥም። መንገደኛውም ሳያየው አልፎት ይሄዳል።

፫፤ የሁለት ወንድማማች ምሳሌ

ነገሩ እንዲገባችሁ በምሳሌ እንናገር። ሁለት ወንድማማች በእነዚያ ኮረብቶች መካከል ሲሄዱ በአንድ ተዳፋት ላይ ሣር የለበሰ ክብ ጕብታ አገኙ እንበል።

ታላቁ፦ «ይህ የጥንት ንጉሥ መቃብር ነው፤ በውስጡ ወርቅ ይኖራል» አለ።

ታናሹ፦ «አይደለም፤ ይህ የወታደሮች ምሽግ ነው» አለ።

ሁለቱም ተከራከሩ። በመጨረሻ ታላቁ አካፋ አምጥቶ ጕብታውን ሊቈፍር ጀመረ። አንድ ሽማግሌ እረኛ ከውሻው ጋር በዚያ ሲያልፍ አየውና፦ «ልጄ፥ ቈይ! አንድ ጊዜ የቈፈርኸውን መልሰህ እንደ ነበረ ልታደርገው አትችልም» አለው።

ልጁም፦ «አባቴ፥ በውስጡ ያለውን ሳንቈፍር እንዴት እናውቃለን?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌውም እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ዳኛ ነገር ሲሰማ በአንድ ምስክር ብቻ ይፈርዳልን? ይህ ስፍራ አፍ የለውም፤ ነገር ግን ብዙ ምስክሮች አሉት። በመጀመሪያ ምስክሮቹን ስማ፤ ከዚያ በኋላ ፍረድ።» ልጆቹንም በጕብታው ዙሪያ እያዞረ ምስክሮቹን አንድ በአንድ አሳያቸው።

፬፤ ስድስቱ ምስክሮች

መጀመሪያው ምስክር ስፍራው ነው። ምሽግ የሚሠራ ሰው ጠላቱን ከሩቅ እንዲያይ ወደ ኮረብታው ራስ ይወጣል። በቼቪየት ኮረብቶች ዬቨሪንግ ቤል በሚባለው ራስ ላይ ትልቅ የጥንት ምሽግ አለ፤ በቅጥሩም ውስጥ ከ100 የሚበልጡ የቤት መሠረቶች ይታያሉ። እረኛ ግን ከነፋስ መሸሸጊያን ይፈልጋል። ስለዚህ በረቱን በተዳፋት ላይ፥ በጅረት አጠገብ፥ ወይም የኮረብታ ጥግ ባለበት ይሠራል። ነገር ግን አመዳይ ወደሚከመርበት ወደ ጠባቡ ሸለቆ አይወርድም። ልጆች ሆይ፥ እንደዚህ ያለ ጕብታ ስታገኙ በመካከሉ ቁሙና፦ «ዐውሎ ነፋስ ቢነሣ በጎቼን እዚህ አመጣ ነበርን?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሁለተኛው ምስክር መልኩና ልኩ ነው። የስቴል ክብ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሜትር ይሆናል። በሩም አንድ ነው፤ እርሱም ጠባብ ነው። ውስጡ ባዶና ደልዳላ ነው። በመካከሉ ከፍ ያለ የአፈር ክምር ካለ መቃብር ሊሆን ይችላል። ዙሪያው ሁሉ ድንጋይ ሆኖ በር ከሌለው፥ በጥንት ዘመን ለሙታን የተሠራ የድንጋይ ክበብ ሊሆን ይችላል። ክቡ በጣም አንሶ ወለሉ ወደ ተዳፋቱ ተቈርጦ ከገባ፥ የጥንት ሰዎች ጎጆ የቆመበት ስፍራ ሊሆን ይችላል። ቅጥሩ አራት ማዕዘን ሆኖ ማዕዘኖቹ ከተጠማዘዙ፥ እጅግም ሰፊ ከሆነ፥ የሮማውያን ወታደሮች ሰፈር ሊሆን ይችላል። በኮኬት ወንዝ ምንጭ አጠገብ ቹ ግሪን በሚባለው ስፍራ እንደዚህ ያሉ የሮማውያን ሰፈሮች ይታያሉ።

ሆኖም በረት ሁሉ ክብ አይደለም። አንዳንድ የጥንት በረት አራት ማዕዘን ነው፤ አንዳንዱም ጠባብና ረጅም ነው። እናት በጎች ይታለቡባቸው የነበሩ ትንንሽ ቅጥሮችም አሉ። ስለዚህ መልኩ ብቻውን አይበቃም፤ ሌሎቹንም ምስክሮች መስማት ይገባል።

ሦስተኛው ምስክር ጕብታውና ቦዩ ነው። የሣር ጓል ቅጥር ሲፈርስ ጕብታው ለስላሳና ክብ ጀርባ ያለው ይሆናል፤ በእግር ሲረግጡትም ድንጋይ ብዙ አይሰማም። በአጠገቡ ጓሉ የተቈረጠበት ጥልቅ ያልሆነ ቦይ ይታያል። ከድንጋይ ካብ የቀረ ጕብታ ግን ድንጋዩ እዚህና እዚያ ከሣሩ መካከል ብቅ ይላል። ቦይም አያስፈልገውም፤ ድንጋዩ ከሌላ ስፍራ ይመጣልና።

አራተኛው ምስክር ሣሩ ራሱ ነው። በጎች ብዙ ዘመን ባደሩበት ስፍራ ፋንድያቸው አፈሩን ያወፍራል። በረቱ ከፈረሰ በኋላም ያ ስፍራ ከዙሪያው ይልቅ አረንጓዴ ሆኖ ይቈያል። ሳማም የሰባ አፈር ይወዳልና ብዙ ጊዜ በዚያ ይበቅላል። ዙሪያው ሁሉ የደረቀ ሣር ሲሆን የበረቱ ውስጥ ብቻ ለምልሞ ብታዩት፥ ሣሩ «በጎች እዚህ ያድሩ ነበር» ብሎ እንደ መሰከረ ቍጠሩት።

አምስተኛው ምስክር ጎረቤቱ ነው። በአንድ ተዳፋት ላይ የጥንት እርሻ ትልምና የበረት ጕብታ አብረው ይገኙ ይሆናል። የትኛው በየትኛው ላይ እንደ ወጣ ተመልከቱ። ጕብታው ትልሙን ከሸፈነው በረቱ ከእርሻው በኋላ የተሠራ ነው። ትልሙ ጕብታውን ቈርጦ ካለፈ ግን እርሻው ከበረቱ በኋላ ነው። እንዲሁም በጕብታው አጠገብ ወይም በላዩ አዲስ የድንጋይ በረት ቆሞ ብታዩ፥ ልጁ የአባቱን ስፍራ እንደ ወረሰ ዕወቁ። መልካም ስፍራ አንድ ጊዜ ከታወቀ ትውልድ ከትውልድ ይጠቀምበታልና።

ስድስተኛው ምስክር የሽማግሌ አፍና የመንግሥት ካርታ ነው። በዚያ አገር ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአገሩን ኮረብታ፥ ጅረትና ቤት በትልልቅ ካርታ ላይ ሣለ። ብዙ በረቶች በዚያ ካርታ ላይ ከነስማቸው ተጽፈዋል። በረቱ በካርታው ላይ ካለ ምስክሩ ጽኑ ነው። ከሌለ ግን በረት አይደለም ማለት አይቻልም፤ ምናልባት ካርታው ሲሣል ፈርሶ ነበር። የአገሩ ሽማግሌ እረኞችም ብዙ ነገር ያውቃሉ። በመጽሐፍ ያልተጻፈ በእነርሱ አፍ ይገኛልና፥ በአክብሮት ጠይቁአቸው።

፭፤ መቼ ይታያል?

እነዚህን ምልክቶች ለማየት ሰዓቱንም መምረጥ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላ ያጥራል፤ ዝቅተኛው ጕብታም ከሜዳው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። በማለዳና በሠርክ ግን ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥቂት ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ረጅም ጥላ ይጥላል። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ያልታየው ክበብ በድንገት በኮረብታው ላይ ይወጣል። ስስ አመዳይ በወረደም ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ቦዩ ነጭ ሆኖ ይቀራልና።

ከከፍታ የሚመለከት ደግሞ ይልቅ ያያል። በ1920 በኦርድናንስ ሰርቬይ የመጀመሪያው የጥንት ቅርሶች ሹም ሆኖ የተሾመው ክሮፎርድ የሚባል ሰው፥ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ የጥንት ሥራን መመርመር ካስተማሩት መጀመሪያዎች አንዱ ነው። በዘመናችንም ላይዳር የሚባል መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ከአውሮፕላን ላይ ወደ ምድር ብርሃን እየላከ፥ የተመለሰበትን ጊዜ ቈጥሮ የምድሩን ከፍታና ዝቅታ ይለካል፤ በዛፍ መካከል ሾልኮ በሚያልፈውም ብርሃን ከዛፉ በታች ያለውን ጕብታ እንኳ ያሳያል። ነገር ግን መሣሪያው ክበቡን ያሳያል እንጂ የማን እንደ ሆነ አይናገርም። ምስክሮቹን ሰምቶ የሚፈርድ እስከ ዛሬ ሰው ነው።

፮፤ ፍርዱ

አሁን ወደ ሁለቱ ወንድማማች እንመለስ። ሽማግሌው ምስክሮቹን ካሳያቸው በኋላ፦ «እንግዲህ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

ታናሹ፦ «ስፍራው በጥግ ነው፤ በሩ አንድ ነው፤ በዙሪያው ቦይ አለ፤ ውስጡም ለምለም ነው። በረት ነው» አለ።

ታላቁ ግን አዝኖ፦ «እኔ የንጉሥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእረኛ ኖሯል!» አለ።

ሽማግሌውም ፈገግ ብሎ፦ «ልጄ፥ ስለ ምን ታዝናለህ? ንጉሥ በመቃብሩ ውስጥ የሚያኖረው የሞተውን ነው። እረኛው ግን በዚህ ክበብ ውስጥ ያኖረው ሕያዋንን ነው። በክፉ ሌሊት ስንት በግ እዚህ ቆሞ ነግቶለት ይሆናል! በዚያም በግ ጠጕርና ሥጋ ስንት ልጅ ለብሶና በልቶ አድጎ ይሆናል! ከወርቅ ይህ ያንሳልን?» አለው።

ልጁም አፈረ፤ አካፋውንም በትከሻው ተሸክሞ የነቀለውን ጓል ወደ ስፍራው መለሰ። ነገር ግን የተቈረጠው ሣር እንደ ቀድሞው አልገጠመም። ሽማግሌውም፦ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለው።

፯፤ ከዚህ የምንማረው

በዚያው አገር ስለ ሣር ጓል ሌላ ታሪክ አለ። የሮም ንጉሠ ነገሥት አንጦኒኖስ ጲዮስ በ142 ገደማ በእስኮትላንድ ምድር ከባሕር እስከ ባሕር 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ቅጥር ማሠራት ጀመረ። ያ ቅጥር መሠረቱ ድንጋይ ነበረ፤ በላዩ የተካበው ግን የሣር ጓል ነበረ። ዛሬ ከ1,800 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ አሁንም በአንዳንድ ስፍራ ጕብታውና ቦዩ ይታያል። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱና እረኛው የሠሩበት ነገር አንድ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ቅጥር ለማየት ብዙ ሰው ከሩቅ ይመጣል። የእረኛውን ግን ብዙዎች ረግጠውት ያልፋሉ።

የጥንት ሥራ በብዙ መንገድ ይጠፋል። አንዳንዱ በማረሻ ተገልብጦ ጠፍቷል። ከቼቪየት ኮረብቶች በስተ ደቡብ ባለው በኪልደር ምድር በ1926 ለእንጨት የሚሆን ዛፍ መተከል ተጀመረ፤ ዛሬ ትልቅ ዱር ሆኗል። እንደዚህ ባለው ስፍራ ሁሉ፥ ዛፍ ሳይተከል በፊት የሚመለከትና የሚጽፍ ሰው ካልተገኘ፥ ዝቅተኛው ጕብታ ማንም ሳያውቀው ይጠፋል። ጠፍቶም አይመለስም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ጕብታውን ባገኘ ጊዜ አይቈፍርም። ይለካዋል፤ ይሥለዋል፤ ስፍራውንም ይጽፋል፤ ከዚያም የአገሩን ቅርስ ለሚጠብቁ ሰዎች ያስታውቃል። ምስክሮቹም እርስ በርሳቸው ባይስማሙ፥ «ምንነቱ አልታወቀም» ብሎ ይጽፋል እንጂ ከልቡ ፈጥሮ አይጨምርም። ይህ ነውር አይደለም። ያላወቁትን አላወቅሁም ማለት የዕውቀት መጀመሪያ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ሁለት ነገር በልባችሁ አኑሩ። መጀመሪያው፥ ሳትመረምሩ አትፍረዱ። በአንድ ምልክት ብቻ ይህ መቃብር ነው፥ ያ ምሽግ ነው የሚል ሰው፥ በአንድ ወሬ ብቻ ባልንጀራውን ሌባ ነው እንደሚል ሰው ነው። ሁለተኛው፥ የትንሽ ሰውን ሥራ አትናቁ። ያ እረኛ ስሙ አልተጻፈም፤ ሐውልትም አልቆመለትም። ነገር ግን ክፉው ቀን ሳይመጣ በበጋ ወራት ደክሞ ቅጥሩን ሠራ፤ ክፉው ቀን በመጣ ጊዜም በጎቹ ዳኑ። የእጁ ሥራ ከፈረሰ በኋላ እንኳ ሣሩ ለምልሞ ይመሰክርለታል።

ከእንግዲህ ወዲህ በመንገድ ዳር የፈረሰ ካብ ወይም ሣር የለበሰ ጕብታ ስታዩ ጥቂት ቁሙ፤ «ይህን የሠራው ማን ነው? ማንንስ ለማዳን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ

1፤ በቼቪየት ኮረብቶች በጎችን የሚፈጃቸው ምንድር ነው? በግስ በዐውሎ ነፋስ ጊዜ ወዴት ይሄዳል?

2፤ ጄምስ ሆግ ማን ነበረ? በ1794 ስለ ሆነው ነገርስ ምን ጻፈ?

3፤ ክብ በረት ከአራት ማዕዘን በረት ስለ ምን ይሻላል?

4፤ በሣር ጓል ቅጥር ዙሪያ ቦይ የሚገኘው ስለ ምንድር ነው?

5፤ ስድስቱን ምስክሮች በተራ ተናገሩ።

6፤ የበረት ጕብታ በእርሻ ትልም ላይ ወጥቶ ብታገኙ የትኛው ይቀድማል ትላላችሁ? ምክንያቱንም ግለጹ።

7፤ ሽማግሌው እረኛ ታላቁን ልጅ ከመቈፈር የከለከለው ስለ ምንድር ነው?

8፤ በሰፈራችሁ ያለ አንድ የፈረሰ ካብ ወይም የቆየ በረት ፈልጉ። ሳትነኩት ለኩት፤ ሥዕሉንም በደብተራችሁ ሣሉ። የማን እንደ ነበረም ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ አምስት መስመር ጻፉ።